ኦርጅናል ነው?

የድሬዳዋ ሰው «ታይዋን ደርሼ መጣሁ» ሲል ፓስፖርቱን አሳየኝ የሚለው የለም። ባጃጅ ይይዛል፣ ይወርዳል፣ ይከራከራል፣ ለምሳ ቤቱ ይደርሳል። ታይዋን የሚሉት ገበያ ስሙን የተዋሰው ከሩቅ ምሥራቋ ደሴት ነው፤ ዕቃው ደግሞ ገልብጠው ካዩት በአብዛኛው ከደሴቲቱ ማዶ ካለው ትልቁ አገር የመጣ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ ፖለቲከኛ እስካሁን አልተገኘም። ድሬ ላይ ግን በአንድ መደርደሪያ ተደጋግፈው ይሸጣሉ።

እዚያ ገብቶ «ኦርጅናል ነው?» ሳይል የወጣ ሰው ካለ፣ ወይ መንገድ ጠፍቶት የገባ ነው፣ ወይ የመጣው ለሰው ኪስ ነው። ሌላው ሁሉ ይጠይቃል። ሽቶ አሽትቶ ይጠይቃል፤ ቻርጀር በጥፍሩ ቧጥጦ ይጠይቃል፤ ብርድ ልብስ ዳብሶ ይጠይቃል፣ ያውም በድሬ ሙቀት። መልሱ እንደ ሰላምታ አንድ ነው፦ «ወላሂ ኦርጅናል!» ጠያቂው አያምንም፣ መላሹም እንደማይታመን ያውቃል፤ ግን ይህ ካልተባለ ግብይቱ ግብይት አይመስልም።

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ለዚሁ ጥያቄ ምስክር እንድሆነው ይዞኝ ሄደ። ጎረቤቴ ደግ ሰው ነው። አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችው። ልጅቷን ምን እንደነካት አይታወቅም፣ ትሥላለች። ጠዋት ትሥላለች፣ ማታ ትሥላለች፤ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ በሚጋደምበት የስምንት ሰዓት ሐሩር እንኳ ሲሚንቶው ላይ በሆዷ ተኝታ ትሥላለች። ደብተር ሲያልቅባት ግድግዳ ላይ፣ ግድግዳው ሲከለከል የመብራት ቢል ጀርባ ላይ። አባት ተጨነቀ። «ይህቺ ልጅ ጊዜዋን በጭረት ጨረሰችው፤ አእምሮዋን የሚያጎለብት ነገር ልግዛላት» አለኝ። የሚያጎለብተው ነገር ታብሌት መሆኑን ከመሥሪያ ቤት ሰምቷል። ካርቶኑ ላይ መነጽር ያደረገች ጉጉት ያለችበት።

ባለሱቋ አንጋፋ ናቸው፤ ሁሉም «አዴ» ይላቸዋል።

«አዴ፣ ይሄ ነገር ለአእምሮ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«አቦ፣ ለአእምሮ ነዋ! የኔ የልጅ ልጅ በሱ አይደል እንግሊዝኛ የሚቀደው።»

«ኦርጅናል ነው?»

«ወላሂ ኦርጅናል!»

ጎረቤቴ ዕቃውን ሃያ ደቂቃ ገላበጠው። በእጁ መዘነው፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው፣ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት በስልኩ ባትሪ እያበራ አነበበ። የጉጉቷን መነጽር ሳይቀር መረመረ። ቅጂ ላለመግዛት እንዲህ ሲጋደል ልጅቷ ደፉ ላይ የተጣለ የካርቶን ክዳን አግኝታ፣ አዴ ዋጋ የሚጽፉበትን ማርከር ለምና ሥራዋን ጀምራለች።

የሣለችው ባጃጅ ነው። ባጃጁ ግድግዳ አለው፣ ግን ግድግዳው ያሳያል። ውስጡ አምስት ሰው ተጠቅጥቋል። አንዷ ሴትዮ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ይስቃል። የሌላዋ ዘንቢል ውስጥ ሦስት ማንጎና አንድ ዓሣ አለ። ሹፌሩ ከሁሉም ትልቅ ነው፤ ግራ ጉንጩ ተነፍቷል፤ ጉንጩም እንደ ግድግዳው የሚያሳይ ስለሆነ ውስጡ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ይታያል።

አባት ዘወር ብሎ አየ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ባጃጅ።»

«ባጃጅ እንዲህ ነው? በቆርቆሮ ውስጥ ሰው ይታያል? ደግሞ እዚህ ጉንጩ ላይ ያበጠው ምንድን ነው?»

«ጫቱ ነዋ!»

አዴ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። አባት አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ የባጃጅ ፎቶ ፈለገና አሳያት። «በይ እንደዚህ አድርገሽ ገልብጪው።»

እኔም ሳቄን ዋጥኩ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቅጂ እንዳይሸጥለት ሲሟገት የነበረ ሰው፣ በዚያ ሱቅ ውስጥ የነበረውን አንድ ለእናቱ ኦርጅናል አንሥቶ ቅጂ አድርጊው አለ።

ልጅቷ ያጠፋችው ጥፋት አዲስ አይደለም። ጆርጅ ሄንሪ ሉኬ የተባለ ፈረንሳዊ ገና እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ ልጆች ሥዕል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ተንትኖታል፦ በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚሥለው ዓይኑ ያየውን ሳይሆን ልቡ የሚያውቀውን ነው። ሰው ባጃጁ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ ስለዚህ ቆርቆሮው አይከለክላትም። ሹፌሩ ትልቅ የሆነው ባጃጁ ያለሱ ስለማይሄድ ነው። ሥዕሉ «ባጃጅ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር፤ ካሜራው ይህን ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ሕፃን በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ያገኘውን ጨብጦ ይሞነጫጭራል፤ ክንዱ ሲወዛወዝ ወለሉ ላይ ምልክት እንደሚቀር ያየ ዕለት፣ በዓለም ላይ የራሱን ፊርማ አገኘ። ሦስት ዓመት ገደማ ላይ ክብ ይዘጋል። ክብ መዝጋት ቀላል ነገር አይምሰለን። የተነሡበትን ማስታወስ፣ እጅን እየገቱ መዞር፣ መነሻው ላይ ሲደርሱ ማቆም ይጠይቃል፤ በስብሰባ የምናውቃቸው ስንት ተናጋሪዎች እስካሁን ያልቻሉት ነው። ከዚያ ክቡ ሁለት ዓይንና ሁለት እግር ያወጣና ሰው ይሆናል። እግሩ ከአገጩ ይነሣል፤ ሆድ የሚባል ነገር የለውም (በወር ደመወዝ የሚያድር ሰው ይመስላል)። አራት ዓመት ገደማ ላይ ካሬ ይመጣል፣ አምስት ላይ ሦስት ማዕዘን። ወላጅ «ጭረት» የሚለው ይህን ሁሉ ደረጃ ነው።

ጎረቤቴ «ድሮ የት ነበር ይሄ የሥዕል ጣጣ?» አለኝ ስንመለስ። ድሮማ እዚሁ ነበር። ድሬ ከተማ የሆነችው ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ነው፤ ቀለም ግን ከባቡሩ ቀድሞ ገብቷል። ከከተማው አፍንጫ ሥር ፈረንሳዮች ፖርክ ኤፒክ፣ ማለትም ጃርት፣ ብለው የሰየሙት ዋሻ አለ። ከዚያ ዋሻ ከወጣው ቅርስ መካከል 4,213 ቁራጭ የቀይና የቢጫ ቀለም ድንጋይ መኖሩን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ገልጸዋል። ክብደቱ 40 ኪሎ ነው፤ ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። ቁራጮቹ ተፍቀው፣ ተፈጭተው ቀለም ወጥቷቸዋል፤ ሰውነት ይቀቡበት ይሆናል ይላሉ አጥኚዎቹ። አርባ ኪሎ ቀለም እንግዲህ! ቀረጥ ያልተከፈለበት፣ ኦርጅናልነቱ ያልተጠየቀ።

ወጣ ብሎ ደግሞ ለገ ኦዳ አለ፤ በዓለቱ ጥላ ሥር ላሞችና ሰዎች ተሥለው ይታያሉ። ላሞቹን ልብ ብሎ ያያቸው ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል፦ አካላቸው ከጎን ነው የሚታየው፣ ቀንዳቸው ግን ከላይ እንደታየ ሁለቱም በሙሉ ተዘርግቷል። ሠዓሊው ላም ሁለት ቀንድ እንዳላት ያውቃል፤ በጎን ስለቆመች አንዱን ሊቀንስባት አልፈለገም። ጎረቤቴ ያኔ ኖሮ ቢሆን «ላም እንዲህ ነች? በል ሂድና በትክክል ገልብጣት» ይለው ነበር፣ እኛም ዛሬ የምናየው ባልኖረን።

በዚህ ነገር አባትን ብቻ ማማት ግፍ ነው። አንዳንድ ኬጂ በር ላይ ቆሞ ማየት ነው። ቲቸር ሰሌዳው ላይ አፕል ትሥላለች፤ አርባ ልጅ አርባ አፕል ይገለብጣል። ማንጎና ዘይቱን በዘንቢል ሲገባ እያየ ያደገ የድሬ ልጅ በእጁ ነክቶት የማያውቀውን ፍሬ ቀይ ይቀባል፤ ከመስመር ከወጣም ይቀጣል። ታይዋን የሚሸጠው የቀለም መቀቢያ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ በየገጹ የበረዶ ሰው ቆሟል፣ ባርኔጣና ሻርፕ አድርጎ። የጎረቤቴ ልጅ አንዱን አይታ «ይሄ ሰውዬ ለምን አልቀለጠም?» ብላ ጠይቃለች። በመጽሐፉ ከተማርነው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት ተቀርጾ መጽሐፍ ወጥቶለታል፤ መልካም ነው። ፈተና ሲቃረብ ግን ክፍለ ጊዜውን ሒሳብ የሚወስድበት ትምህርት ቤት አይጠፋም።

ገልባጭነታችን ፊደል ላይም ደርሷል። በነጠብጣብ የተጻፈ ሀ ሁ ሂ ለልጁ ይሰጠዋል፤ ነጠብጣቡን ተከትሎ ሲሄድ ጽሕፈቱ ያምራል፣ ወላጅም ፎቶ አንሥቶ ይልካል። ካሪን ጄምስ እና ላውራ ኤንግልሃርት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ገና ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ልጆችን በሦስት መንገድ ፊደል አለማመዱ፦ አንዱን ፊደል እያዩ በነጻ እጅ በመጻፍ፣ ሌላውን ነጠብጣብ በመከተል፣ ሌላውን በኪቦርድ በመጫን። በኋላ ልጆቹ ፊደሎቹን ሲያዩ አእምሯቸው በመሣሪያ ሲታይ፣ ለንባብ የሚያገለግሉት ክፍሎች የተነቃቁት በነጻ እጅ ለተጻፉት ነበር። ነጠብጣቡና ኪቦርዱ ያን አላደረጉም። የሚሰጡት ምክንያት ደስ ይላል፦ ልጅ በነጻ እጁ ሲጽፍ እያንዳንዱ ፊደል በሌላ በሌላ መንገድ ይጣመማል፤ ከዚያ ሁሉ ጥምም ውስጥ አእምሮ ፊደሉን ፊደል የሚያደርገው ምን እንደሆነ ይለያል። እንግዲህ ያ እግሩ የተንሻፈፈ ሀ፣ ያ ወገቡ የተሰበረ ለ፣ በቀይ እስክሪብቶ የምናርመው ሁሉ፣ ትምህርቱ እሱ ራሱ ኖሯል።

የራሴንም ኃጢአት ልናገር። ልጅ ሳለን ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ሠርተን በየቤቱ እናድል ነበር፤ መልአክ፣ ፀሐይ፣ አበባ። አብዛኛው ልጅ ያምናውን ሥዕል መስኮት ላይ ለጥፎ በብርሃን ይገለብጣል። አንድ ዓመት ምን እንደገባብኝ እንጃ፣ ከራሴ ሣልኩ፦ መልአኩን የጅቡቲ ባቡር ጣራ ላይ አስቀመጥኩት። ክንፉ እንዳይቃጠል ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርጌ፣ ሰይፉንም እንደ ትኬት በእጁ አስይዤ። አንዲት ሴትዮ ተቀበሉኝ፣ አዩት፣ አገላበጡት፤ «ይሄ የምን ሃይማኖት ነው?» አሉና አሥር ሳንቲም ሰጡኝ። ጓደኛዬ በመስኮት ለገለበጠው ስሙኒ አገኘ። ልዩነቱን ለማስላት የሚበቃ ሒሳብ ነበረኝ። በቀጣዩ ዓመት መስኮቱ ሥር ከተሰለፉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ልጆቹ መስኮት እንኳ አይፈልጉም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ማውራቴ ስህተት ነበር። በተለይ «ሥዕል ለአእምሮ ጥሩ ነው» ያልኩት ዐረፍተ ነገር። የታብሌቱ ሻጭ ከተናገሩት ጋር አንድ ዓይነት ሆነበት መሰለኝ፣ ወዲያው ገባው። «እንዴ! እሷማ በእጃችን ነበረች!» አለ። ሥዕልን እንደ ዘይት ከመጋዘን ያገኘው ያህል ደስ አለው። በማግስቱ መርሐ ግብር አወጣ፤ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥዕል። ለአንድ ሥዕል አሥር ብር።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ሥዕል ወጣ። ሁለተኛው ቀን ዘጠኝ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ገበያው ገባትና ሃያ ሁለት ፀሐይ አስረከበች፤ እያንዳንዱ አንድ ክብና አራት ጭረት። ባጃጅ የለም፣ ጫት የለም፣ ሆድ ውስጥ የሚስቅ ልጅ የለም። አባት በምርቱ ተደሰተ፣ በሒሳቡ ደነገጠ፣ ክፍያውን ወደ አምስት ብር አወረደ። ሠራተኛዋ ሥራ አቆመች።

ይህም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪን እና ሪቻርድ ኒስቤት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋለ ሕፃናት መሣል የሚወዱ 51 ልጆች መርጠው ማርከር ሰጧቸው። ለአንዱ ክፍል «ብትሥሉ ወርቃማ ኮከብና ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ» አሏቸው፤ ለሌላው ሳይናገሩ ድንገት ሸለሙት፤ ለሦስተኛው ምንም አልሰጡም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሩን ያለ ሽልማት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሲያዩ፣ ሽልማት ተነግሯቸው የሣሉት ልጆች በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። ለኮከቡ ብለው የሣሏቸው ሥዕሎችም በጥራት ዝቅ ያሉ ነበሩ። ጨዋታውን ሥራ አደረጉባቸው፤ ከሥራ ደግሞ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ጎረቤቴ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረው። «ለመሆኑ ሒሳብ ላይ ስንት ማርክ ይጨምራል?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ኤለን ዊነር እና ሎይስ ሄትላንድ የተባሉ አሜሪካውያን ለአሥርት ዓመታት የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲመረምሩ፣ ሥዕል መማር የሌላ ትምህርት ውጤትን ከፍ ያደርጋል የሚለውን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም። በኋላ ግን የሥዕል ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እዚያ ምን እንደሚለመድ መዝግበዋል፦ አተኩሮ ማየት፣ የሌለን ነገር በሐሳብ መሣል፣ ሲበላሽ ጥሎ አለመሄድ፣ የሠሩትን መለስ ብሎ መመርመር።

«እና ማርክ የለውም» አለ።

«ማርክ የለውም።»

«ሙያስ ይሆናል?»

የአንኮበሩን ልጅ ታሪክ ነገርኩት። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ገና በ15 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ሲላክ እንዲማር የታሰበው የማዕድን ምህንድስና ነበር። ልቡ ወደ ሥዕል ሄደ፤ እሱም ሄደ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ስንገባ በባለቀለም መስታወቱ ብርሃን የምንቀላው በዚህ ምክንያት ነው። ጎረቤቴ በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ «ምስኪን፣ ኢንጂነር ሊሆን ነበር» አለ።

በቤቱ ውስጥ ሥዕል ያሸነፈው በሌላ በር ነው። የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ ሰው አንድን ቃል ከሚጽፈው ይልቅ ቢሥለው የተሻለ ያስታውሰዋል፤ ሥዕሉ ቢያስጠላም። ጎረቤቴ ጥናቱን አላነበበም፤ ሚስቱ ቀይ ሽንኩርት፣ ሎሚና ሳሙና ብላ ከፊራ ገበያ ልካው ሳሙና ብቻ ይዞ የተመለሰበት ቀን ግን ነበር። በማግስቱ ልጅቷ ወረቀት ሰጠችው። ሽንኩርቱ ያለቅሳል፣ ሎሚው ዓይኑን ጨፍኗል፣ ሳሙናው ገላውን ይታጠባል። አንድ ጊዜ አየና ወረቀቱን ቤት ረስቶ ሄደ፤ ሦስቱንም ይዞ መጣ። ክፍያ አልጠየቀችም፣ እሱም ብልጥ ሆነና አልሰጠም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና ትሥላለች።

ያን ቀን ተገዝቶ የመጣው ታብሌት አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጦ ዳንቴል ለብሷል። ካርቶኑ ግን አገልግሏል። መጀመሪያ ጉጉቷን ጢም አወጣችላት፤ ከዚያ ጀርባውን በደቻቱ ወንዝ አሸዋና በልጆች ሞላችው፤ ከዚያ ቆራርጣ ቤት ሠራችበት፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከክብሪት ሣጥን የተሠራ ሌላ ታብሌት አስቀመጠች፤ ከክብሪት ሣጥኑም ሰው እያወጣች ታጫውተው ጀመር። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ካርቶኑ አለቀ። ልጅቷ አለቀሰች። አባትም፣ ደግ ሰው ነው ብያለሁ፣ ጫማውን አደረገ።

አዴ እንደተለመደው ደፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ባዶ ካርቶን ተቆልሏል።

«አዴ፣ ካርቶን ፈልጌ ነበር። ባዶውን።»

አዴ አዩት። ነጋዴ ናቸው፣ ፈላጊ ሲያዩ ያውቃሉ። «አርባ ብር።»

«ለባዶ ካርቶን? ኧረ በአላህ! ባለፈው ሲጣል አይቼዋለሁ እኮ!»

«ባለፈው ማን ፈለገው?»

ሃያ አምስት ላይ ተስማሙ። ጎረቤቴ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ካርቶኑን አነሣ፣ ገለበጠው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው። ልምድ ነውና አፉ አመለጠው።

«ኦርጅናል ነው?»

አዴ ግራና ቀኝ አዩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወላሂ፣ የውስጡን እንጃ እንጂ ካርቶኑስ ኦርጅናል ነው።»